ከሰማይ የወረደውን ስደተኛ «ለምን ወጣህ?» ያለው ማነው?

ጥያቄውን የላከችልኝ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ረዘም ያለ ነበር፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከዶርም ልጆች ጋር ‹ዲስትሪክት 9› የሚለውን ፊልም አየን። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም፣ ጭቅጭቅ ብቻ። አንዷ ጓደኛችን አለቀሰች። ታላቅ ወንድሟ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው፤ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። ‹ወንድሜን በረሮ አድርገው ነው የሳሉት› አለች። ሌላዋ ደግሞ ‹ፊልሙ እኮ የሚያጋልጠው ስደተኛውን ሳይሆን የሚሰድቡትን ነው› ብላ ተከራከረቻት። ከሌላ ዓለም ስለመጡ ስደተኞች የሚሠሩ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ለስደተኛ ይቆማሉ ወይስ ስደተኛን ይሰድባሉ? ደግሞ እኛም ለክበባችን አጭር ፊልም ልንሠራ ነው። መርከቡ ጅማ ላይ ቢወርድስ የሚል ሐሳብ አለን። ከየት እንጀምር?»

እህቴ፣ ከጓደኛሽ ልነሣ። ልክ ናት። ያለቀሰችው ፊልሙ ስላልገባት አይደለም፤ ምናልባት ከሁላችሁም በላይ ስለገባት ነው። ሁለተኛዋም አልተሳሳተችም። ሁለቱም እንዴት ልክ እንደሆኑ ለማስረዳት ግን ትንሽ ዞር ማለት አለብኝ፤ ታገሺኝ። እኔ አሁን የፊልም ጽሑፍ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ጋምቤላ፣ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ መዝጋቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ይህን ፊልም ባየሁት ቁጥር ያ የምዝገባ ጠረጴዛ ይመጣብኛል።

ላላዩት አንባቢዎች ታሪኩን ባጭሩ ልበል። እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ግዙፍ መርከብ ከሰማይ መጥቶ ጆሃንስበርግ ከተማ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አይወርድም፣ አይሄድም። ሰዎች ቀደው ሲገቡ የሚያገኙት ጦር አይደለም። ጨለማ ውስጥ የተፋፈጉ፣ ረሃብ የጎዳቸው ፍጥረታት ናቸው። ወደ ምድር ያወርዷቸዋል። ድንኳን ይተከልላቸዋል። ድንኳኑ አጥር ያወጣል፣ አጥሩ ውስጥ የቆርቆሮ ሰፈር ይበቅላል። ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ከከተማው ርቆ ወደተሠራ ሌላ ካምፕ ይዛወሩ ተብሎ ይወሰናል። ሥራው ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ይሰጣል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ቪከስ የዚያ ኩባንያ የቢሮ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይመስልም። ሚስቱን ይወዳል፣ ይቀልዳል፣ በሹመቱ ደስ ብሎታል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው የወጣው። ዳይሬክተሩ ኒል ብሎምካምፕ ጆሃንስበርግ የተወለደ ሰው ነው። ርዕሱንም ከአየር ላይ አልቀዳውም። ኬፕታውን ውስጥ ዲስትሪክት ሲክስ የሚባል ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1966 የአፓርታይድ መንግሥት ሰፈሩን የነጮች ብቻ ነው ብሎ አወጀ። ከ60,000 በላይ ሰዎች ከቤታቸው ተነሥተው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ሜዳ ተወሰዱ። ቤቶቹ በቡልዶዘር ተደረመሱ። ቁጥር 6ን ወደ 9 የቀየረው ሰው ይህን ሁሉ ያውቃል። ፊልሙ የተቀረጸው ደግሞ ሶዌቶ ውስጥ ቺያዌሎ በሚባል ድሃ መንደር ነው። የዚያ መንደር ነዋሪዎች በዚያው ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ እየተነሡ ነበር። በስክሪኑ ላይ የምናየው የቆርቆሮ ጎጆ ሰው የኖረበት ጎጆ ነው።

ግን ታሪኩ የአፓርታይድ ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጓደኛሽ አታለቅስም ነበር። ሌላ ነገር አለ። ብሎምካምፕ ከዚህ በፊት «አላይቭ ኢን ጆበርግ» የሚል የጥቂት ደቂቃ ፊልም ሠርቶ ነበር። የሰፈር ሰዎች ካሜራ ፊት ቆመው ስለነዚያ ፍጥረታት ያማርራሉ። ሥራችንን ወሰዱ፣ ሰላም ነሡን፣ ወደመጡበት ይሂዱ ይላሉ። እነዚያ ሰዎች የተጻፈ ቃል የሚያነበንቡ ተዋናዮች አልነበሩም። ዳይሬክተሩ የጠየቃቸው ስለ ናይጄሪያና ስለ ዚምባብዌ ስደተኞች ነበር። መልሳቸውን ወስዶ ከሰማይ የመጡት ላይ ለጠፈው። ስለ ሰው የተባለው ቃል ስለ ጭራቅ ሲባል ምንም ሳይጎረብጥ ገጠመ። እኔ በዚህ ዓይነት ፊልም ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጥ ነገር አላውቅም።

በሜይ 2008፣ ፊልሙ በሚሠራበት ዓመት፣ ጆሃንስበርግ አሌክሳንድራ ሰፈር የተነሣ የጥላቻ ጥቃት ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቶ ከ60 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በ2015ም የእኛው ልጆች ደርባን ውስጥ ሱቃቸው ተቃጥሏል። ጓደኛሽ ወንድሟን ስክሪኑ ላይ ያየችው ከሜዳ ተነሥታ አይደለም።

ስድቡንም እንይ። ፊልሙ ውስጥ ፍጥረታቱን «ፕሮን» ይሏቸዋል። ቃሉ የባሕር እንስሳ ስም ነው፤ ጆሃንስበርግ ውስጥ ግን ጓሮ ለጓሮ የምትገኝ፣ ሰው የሚጸየፋት ትልቅ የፌንጣ ዘመድ በዚሁ ስም ትጠራለች። ስለዚህ ጓደኛሽ «በረሮ» ስትል ስሜቱን በደንብ ይዛዋለች። በእውነተኛው ዓለም ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጣን ሰው «ማክዌሬክዌሬ» ብለው ይሰድቡታል። የማይገባ ቋንቋ ድምፅን የሚያስመስል ቃል ነው። «አፉ የማይሰማ» እንደማለት። ፊልሙ ውስጥ ፍጥረታቱ ሲናገሩ የሚሰማው የመንቋቋት ድምፅ ያንን ስድብ ያስታውሰኛል። እኛ ጋ ደግሞ «መጤ» የምትል አጭር ቃል አለች። ሦስት ትውልድ አብሮ ቡና የጠጣን ጎረቤት በአንድ ቀን እንግዳ ታደርገዋለች። ይህን የምለው ሌላውን አገር ብቻ እየወቀስን እንዳናልፍ ነው።

መርከቡ የሚከፈትበት ትዕይንት ጋ ስደርስ ሁልጊዜ አቆማለሁ። ብረቱ ይቆረጣል፣ የባትሪ ብርሃን ይገባል፣ ጨለማው ውስጥ የታጨቀ ሕይወት ይታያል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ግዛት ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ተፈተሸ። ኮንቴይነሩ ሲከፈት 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ። 14ቱ ተርፈው ነበር። ኢትዮጵያውያን ናቸው። ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ ላይ ነበሩ። ፊልሙ ከዚያ 11 ዓመት ቀድሞ የተሠራ ነው፤ ስለ እነርሱ የሚያውቀው ነገር የለም። እኔ ግን ያንን ትዕይንት ከዚያ ወዲህ እንደ ፈጠራ ማየት አልቻልኩም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልብ እንግባ። ፊልሙ ይሰድባል ወይስ ይቆማል?

በእኔ እምነት መልሱ የፍጥረታቱ መልክ ላይ የለም። ተማሪዎቼ ሁሌ እዚያ ላይ ይጣላሉ፤ ለምን አስቀያሚ አደረጓቸው ይላሉ። አስቀያሚነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ፊልሙ ሲጀምር የምናያቸው በኩባንያው ካሜራ፣ በዜና ካሜራ፣ በቪከስ ዓይን ነው። ቆሻሻ ሲጎረጉሩ፣ የድመት ምግብ ለማግኘት ሲጋፉ ነው የምናያቸው። ያንን ያህል ሰዓት እንድንጸየፋቸው ይፈቀድልናል። ቪከስ እንቁላሎቻቸውን ሲያስቃጥል ድምፁን ከሚፈነዳ ፈንዲሻ ጋር እያመሳሰለ ይስቃል። አዳራሽ ውስጥ አብሮት የሚስቅ ተመልካች አጋጥሞኛል። ከዚያ ቪከስ ራሱ ፈሳሽ ይረጭበትና እጁ ወደ እነርሱ እጅ መለወጥ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ቀስ በቀስ ካሜራውም ጎን ይቀይራል። ፊልሙ ተመልካቹን መጀመሪያ ከሳሪው ወንበር ላይ አስቀምጦ ኋላ ላይ ነው የሚያስነሣው። ሁለተኛዋ ጓደኛሽ ያየችው ይህንን ነው። ይህ ስድብ አይደለም፤ ጥሩ የፊልም ሥራ ነው።

የወረቀቱን ትዕይንት ደግማችሁ እዩልኝ። ቪከስ ሰሌዳ ላይ የተያያዘ ወረቀት ይዞ በየጎጆው ያንኳኳል። ከቤታችሁ እንደምትነሡ ተነግሯችኋልና ፈርሙ ነው ነገሩ። ከኋላው ጠመንጃ የያዙ አሉ። አንዱ ተናድዶ ሰሌዳውን በእጁ ሲመታው፣ ቪከስ ያንን ምልክት እንደ ፊርማ ቆጥሮ ያልፋል። ሥራ ተሠራ፣ ወረቀት ተሟላ።

እኔ ያንን ወረቀት አውቀዋለሁ። ጋምቤላ ውስጥ የምንሠራው ማፈናቀል አልነበረም፤ መቀበል ነበር። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ቢሆንም ጠረጴዛው ያው ጠረጴዛ ነው። ከደቡብ ሱዳን ድንበር ወዲያ ጦርነት ሸሽተው የመጡ እናቶች ይሰለፋሉ። ሙቀቱ ያቃጥላል። ቅጹ ላይ የልደት ቀን የሚል ሳጥን አለ። ሰውየው ቀኑን አያውቀውም፤ «ጎርፉ የበዛበት ክረምት» ይላል። ሳጥኑ ክረምት አይቀበልም። ስለዚህ ጃንዋሪ 1 ብለን እንሞላለን። ማታ ዝርዝሩን ሳየው ገጹን ሙሉ የወረዱት ሰዎች ሁሉ የተወለዱት ጃንዋሪ 1 ነው። አንድ ሽማግሌ ስማቸውን ሦስት ጊዜ ነገሩኝ። መሐል ላይ ያለውን ድምፅ የምጽፍበት ፊደል አላገኘሁም። የሚቀርበውን ጻፍኩ። አስተርጓሚው ሲያነብላቸው ትንሽ ዝም አሉና «እሺ፣ እዚህ እንደዚያ ነኝ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ በራሽን ካርዳቸው ላይ እኔ የፈጠርኩት ሰው ነው የሚበላው።

ቪከስ የሚያነጋግረው ዋናው ፍጥረት ስሙ ክሪስቶፈር ጆንሰን ነው። ይህንን ስም አባቱ አላወጣለትም። ወረቀቱን አንብቦ 24 ሰዓት አስቀድሞ ማስታወቅ እንደሚያስፈልግ የሚከራከረውም እርሱ ነው። ፊልሙን አምስቴ ሳየው ይህቺ ቦታ ናት የምትገርመኝ። ሁሉም ቆሻሻ ለቃሚ ነው ሲሉት የነበረው ፍጥረት ሕጉን ከቢሮው ሰው በተሻለ ያውቃል። የእውነት ስደተኛም እንደዚያ ነው። ሕይወቱ በወረቀት ላይ ስለተንጠለጠለች ወረቀቱን በቃሉ ይይዘዋል።

እስካሁን ፊልሙን ደግፌ ነው የተናገርኩት። አሁን ጓደኛሽ ወደ ቆመችበት ልሻገር።

ፊልሙ ውስጥ የእውነት ስደተኞች አሉ። ናይጄሪያውያን ናቸው። ምን ሆነው ቀረቡ? የጦር መሣሪያ ነጋዴ፣ በሴቶች ገላ የሚነግዱ፣ ጥንቆላ የሚያምኑ፣ የፍጥረታቱን ሥጋ ቢበሉ ኃይላቸው የሚጋባባቸው የሚመስላቸው ሰዎች። የአለቃቸው ስም ደግሞ ከናይጄሪያ የቀድሞ ፕሬዝዳንት ስም ጋር በጣም ይቀራረባል። በሴፕቴምበር 2009 የናይጄሪያ የማስታወቂያ ሚኒስትር ዶራ አኩኒሊ ሲኒማ ቤቶች ፊልሙን እንዳያሳዩ ጠየቁ፤ አከፋፋዩም ይቅርታ እንዲል ፈለጉ። ፊልም ማገድን አልደግፍም። ቁጣቸው ግን እውነት አለው። ተመልካቹ ለፌንጣ መሳዩ እንዲያዝን ይህን ያህል ተለፋ፤ ሥራ ፍለጋ ድንበር ለተሻገረው አፍሪካዊ ግን አንዲት ሰው የምታስመስለው ትዕይንት አልተሰጠችውም። መነሻው ስለ ናይጄሪያውያን የተባለ የጥላቻ ቃል ነበር። ያንን ቃል ለማጋለጥ የተሠራው ፊልም ራሱ መልሶ ናይጄሪያውያን ላይ ጣለው። ይህ ትንሽ እንከን አይደለም። ምሳሌው እዚህ ላይ ተሰብሯል።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ዝም ያለ ነው፤ ለእኔ ግን የሁሉ ሥር ነው። እነዚህ ፍጥረታት ለምን እንደመጡ ፊልሙ አይነግረንም። ግምት አለ፤ መሪዎቻቸው አልቀው ይሆናል ይባላል። የሚገምቱት ግን ባለሙያ ተብለው ካሜራ ፊት የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ከራሳቸው ከመጡት ዘንድ ሄዶ «ከቤታችሁ ለምን ወጣችሁ?» ያለ የለም። እኔ በምዝገባ ስሠራ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ጥያቄ የሁሉ መክፈቻ መሆኑን ነው። ስደተኛን ከሌላ መንገደኛ የሚለየው የወጣበት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው ስምምነት የቆመው በዚሁ ላይ ነው። በ1969 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነትም ምክንያቱን አስፍቶ ጦርነትና የሕዝብ ሰላም መናጋትን ጨመረበት። የእኛም የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። ሕግ እንኳ የሚጠይቀውን ጥያቄ ፊልም ሲዘለው ስደተኛው ታሪክ የሌለው ችግር ብቻ ይሆናል። ያሳዝናል፣ ያስፈራል፣ ግን አያወራም።

እዚህ ላይ ስለዚህ ዓይነት ፊልም በሙሉ አንድ ጥንቃቄ ልናገር። ከሰማይ የመጣው ፍጥረት በእውነት ሌላ ነው። ደሙ ሌላ፣ አካሉ ሌላ፣ መሣሪያው ከተማ የሚያፈርስ። ስለዚህ የሚፈራው ሰው በከፊል እውነት አለው። ከሆሳዕና ከተማ የሄደው ልጅ ግን ደርባን ውስጥ ሌላ ፍጥረት አይደለም። ስኳርና ዘይት የሚሸጥ ሰው ነው። ምሳሌው ልዩነቱን ከተፈጥሮ ሲያመጣው፣ በሕይወት ውስጥ ግን ልዩነቱን የሚያመጣው ሰሌዳው፣ አጥሩና ስድቡ ነው። ጓደኛሽን ያማት ይህ ይመስለኛል። ወንድሟ የተመሰለው ከማንም ጋር በማይመሳሰል ነገር ነው።

ይህን ወጥመድ ያመለጡ ፊልሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «ኤሊየን ኔሽን» 300,000 የሚሆኑ መጻተኞች ሎስ አንጀለስ ከተማ ሰው መሐል ገብተው ሲኖሩ ያሳያል። ለምን እንደመጡ ይታወቃል፤ ባሪያዎች ነበሩ። ሠራተኛ ናቸው፣ ግብር ከፋይ ናቸው፣ ጎረቤት ናቸው። ታሪኩ ከመሐል በኋላ ተራ የፖሊስ ፊልም ይሆንና ይሰለቻል። አንድ ነገር ግን አይረሳኝም። ሲመዘገቡ ሹሞቹ የቀልድ ስም ለጥፈውባቸዋል። ከሁለቱ ፖሊሶች አንዱ የሆነው መጻተኛ ሳም ፍራንሲስኮ ተብሎ ነው የተመዘገበው። ያ ሽማግሌ «እዚህ እንደዚያ ነኝ» ያሉት ትዝ ይለኛል።

ለእናንተ ክበብ ግን አንድ ፊልም ብቻ እዩ ብባል የምመርጠው የጆን ሴይልስን ነው፤ «ዘ ብራዘር ፍሮም አናዘር ፕላኔት»፣ የ1984። ከሌላ ዓለም ያመለጠ ባሪያ ኒው ዮርክ ይወድቃል። የሚወድቅበት ቦታ ድሮ ስደተኞች ይመዘገቡበት የነበረው ኤሊስ ደሴት ነው። ባዶውን አዳራሽ ግድግዳ በእጁ ሲነካ ከእርሱ በፊት ያለፉትን ሰዎች ድምፅ ይሰማል። ጩኸት፣ ለቅሶ፣ በብዙ ቋንቋ። ከዚያ ሃርለም ይገባል። ጭምብል የለም፣ የጎማ ቆዳ የለም። ጥቁር ሰው ነው የሚመስለው፤ ልዩነቱ እግሩ ሦስት ጣት መሆኑ ብቻ ነው። ደግሞም ዲዳ ነው። ሃርለም ያለ ሰው ሁሉ ስለራሱ ይነግረዋል። እርሱ በዝምታው ለምን እንደሸሸ ያስረዳቸዋል። ገንዘብ የሌለው ሰው የሠራው ፊልም ነው፤ ድህነቱም ጠቀመው እላለሁ።

በእኛው ቋንቋ የተሠራም አለ። በ2015 የወጣው «ክራምብስ» ዳይሬክተሩ ስፔናዊ ቢሆንም እዚህ አገር የተቀረጸ፣ በአማርኛ የሚናገር ፊልም ነው። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ሰው ከሌላ ዓለም እንደመጣ ያምናል። ሰማይ ላይ ለዓመታት ተገትሮ የቀረ መርከብ አለ። ሰውየው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ቤቱ መግባት። እርሱንም እዩት። ስለ ናፍቆት ከዚያ ትማራላችሁ።

ወደ ጅማው መርከብ ልምጣ። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው፤ ምክንያቱም እኛ ጋ ለዚህ ታሪክ የሚሆን ነገር ሞልቷል።

መጀመሪያ፣ መርከቡን አታሳዩ። ሰማይ ላይ ብረት ለማቆም ኮምፒውተርም ገንዘብም ይጠይቃል፤ ብታገኙትም የሌላ ሰው ፊልም ይመስላል። ድምፁን ብቻ አሰሙን። ሌሊት፣ የሐምሌ ዝናብ፣ ከጅሬን በኩል ነጎድጓድ ያልሆነ ነገር ይሰማል። መብራት ይጠፋል። ጅማ ውስጥ በሐምሌ መብራት ሲጠፋ ማንም አይደነቅም፤ ይህ ለእናንተ በነጻ የተሰጠ ትዕይንት ነው።

ከዚያ በር ይንኳኳ። «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» የሚል ድምፅ። አያት ናቸው የሚከፍቱት። በአገራችን የእግዜር እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ስሙ አይጠየቅም፤ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይጠጣል። «ቤት ለእንግዳ» ብለው ከመቀመጫቸው ይነሡለት። ያቺን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ይሳቡለት። ካሜራው እግሩ ላይ ትንሽ ይቆይ። የረጠበ ጫማውን ሲያወልቅ ጣቶቹን አያት ያዩ፣ ምንም አይበሉ።

ፊልሙን በአንድ ቡና ላይ አዋቅሩት። አቦል ላይ እንግዳው እንግዳ ብቻ ነው። ያሞቁታል፣ ቁርስ ያቀርቡለታል። ቶና ላይ ጎረቤት ይገባል። ጅማ ውስጥ የቡና ሽታ ሰው ይጠራልና አንድም የሚቀር የለም። አንዷ ታየዋለች፣ ታንሾካሹካለች። አንዱ ወጣት ስልኩን ያወጣል። ሌላው «መታወቂያ ይኖረዋል?» ይላል። ይህ ክፉ ሰው የሚናገረው መሆን የለበትም። በደንብ የምትወዱትን ጎረቤት አስቡና በእርሱ አፍ አስገቡት። ቪከስን የሚያስፈራ ያደረገው ክፉ ሰው አለመምሰሉ ነው። በረካ ላይ ደግሞ አያት ዝም አሰኝተዋቸው እንግዳውን ይጠይቁት። ከየት መጣህ ብቻ አይበሉ፤ «ልጄ፣ ለምን ወጣህ?» ይበሉ። ከዚያ ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆይና ይናገር። ረጅም ይናገር። ጎረቤቶቹ ስኒ እንዳንጠለጠሉ ይስሙት።

ለዚህ ትዕይንት ሞዴል ካስፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ። ጅማ ውስጥ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ነው። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች መካ ላይ መከራ ሲጸናባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ቁረይሾች መልእክተኞችን ገጸ በረከት አስይዘው ላኩ፤ ሰዎቻችንን መልስልን አሉት ንጉሡን። ነጃሺ ምን አደረገ? እነርሱን ሳልሰማ አሳልፌ አልሰጥም አለ። አስጠራቸው። ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ቆሞ ለምን እንደወጡ ተናገረ፤ ከቁርኣንም የመርየምን ሱራ ቀራ። ንጉሡ ሰምቶ ሲያበቃ ስደተኞቹን አልመለሰም፤ ገጸ በረከቱን መለሰ። እንደ ፊልም ጸሐፊ ስመለከተው ከዚህ የተሻለ ትዕይንት አላገኝም። ሁለት ወገን፣ አንድ አዳራሽ፣ ስጦታ በአንድ በኩል፣ ቃል በሌላ በኩል። ትልልቆቹ የሆሊዉድ ፊልሞች የዘለሉትን ጥያቄ ንጉሡ ጠይቆታል።

ስለ ቋንቋው አንድ ምክር አለኝ። በ«ዲስትሪክት 9» ውስጥ ሰዎቹም ፍጥረታቱም በየራሳቸው ቋንቋ ይናገራሉ፣ ግን ይግባባሉ። ብዙ ሰው ይህ እንዴት ይሆናል ይላል። የጅማ ሰው ግን አይጠይቅም። ሐሙስ ገበያ ውጪና ጆሮ ስጪ። ገዢዋ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ሻጯ በኦሮምኛ ትመልሳለች፣ ከጎን ያለው በዳውሮኛ ይጨምራል፣ ዋጋው ይቆረጣል፣ በርበሬው ይሰፈራል። ማንም አልተረጎመም። እንግዳችሁም የራሱን ቋንቋ ይናገር። አያት በኦሮምኛ ይመልሱለት። ጽሑፉ ከታች ይሂድ። የሂርማታ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ሲያስተናግድ የኖረ ነው፤ ከተማችን ፈረንጅ አራዳ የሚባል ሰፈር እስካሁን በስሙ የምትጠራ ናት። የእንግዳ ድምፅ ለዚህ ጆሮ አዲስ አይደለም።

አንድ የምለምናችሁ ነገር። ማንንም ወንበዴ ለማድረግ የአንድን ብሔር ወይም የአንድን አገር ሰው አትጠቀሙ። ታሪኩ ወንበዴ ከፈለገ ሰውየው እንጂ ወገኑ አይታወቅ። የናይጄሪያውያኑን ስሕተት በ12 ደቂቃ ፊልም ውስጥ ለመድገም በጣም ቀላል ነው፤ አንድ ያነጋገር ቅላጼ ይበቃል።

የእንግዳውን ንግግር ማን ይጽፈዋል ነው አሁን የቀረው። ከራሳችሁ አትፍጠሩት። የጓደኛሽ ወንድም አለ። እርሷ ፈቃደኛ ከሆነች፣ እርሱም እሺ ካለ፣ ማታ ሱቁን ዘግቶ ሲደውል አናግሩት። ስሙንና ሰፈሩን እንደማታወጡ መጀመሪያ ንገሩት። ከዘረፋው አትጀምሩ፤ ስለ ዘረፋው ሁሉም ጠይቆታል። ለምን እንደወጣ ጠይቁት፣ ከቤት የወጣ ዕለት ጠዋት ምን እንደበላ፣ ማን እንደሸኘው። መቅረጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና ዝም በሉ። እርሱ ዝም ሲልም ቶሎ አትግቡበት። ከዚያ የጻፋችሁትን ላኩልኝ፤ አነበዋለሁ።